ለፎቶ ኤዲቲንግ ምን ዓይነት ሞኒተር ልግዛ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሠርግ ወቅት ሊገባ ሲል ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። አንዴ ጥር ከመድረሱ በፊት፣ አንዴ ደግሞ ፋሲካ ሲቃረብ። የሚደውሉት ሙሽሮች ብቻ አይደሉም። አዲስ ስቱዲዮ የከፈቱ ልጆች አሉ፣ ካሜራ ገዝተው ኪሳቸው የተራቆተ አሉ፣ ላፕቶፕ ላይ ሲያፈጡ ዓይናቸው የደከመም አሉ። ጥያቄያቸው ግን አንድ ነው፦ «ሞኒተር ልገዛ ነው፣ ምን ትመክረኛለህ?» በየስልኩ ከምደጋግመው እዚህ ጽፌዋለሁ። ዋጋ አልጻፍኩም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን፣ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በሚቀጥለው ወር ሊያሳፍረኝ ይችላል።

4ኬ ሞኒተር የግድ ያስፈልገኛል?

የግድ አይደለም። ሁሉም መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ እኔ ግን አራተኛ ላይ ነው የማስቀምጠው። መጀመሪያ የፓነሉ (ምስሉን የሚያሳየው የስክሪኑ ክፍል) ዓይነት። ቀጥሎ የብራይትነሱና የቀለሙ መስተካከል። ከዚያ ሞኒተሩ የተቀመጠበት ክፍል። ሪዞሉሽን፣ ማለትም የፒክስሉ ብዛት፣ ከነዚህ በኋላ ይመጣል። ቀለሙ የሚዋሽ 4ኬ ሞኒተር ውሸቱን አጥርቶ ያሳያችኋል እንጂ ሌላ ጥቅም የለውም።

ጥቅሙ የት ላይ እንደሆነ ግን በቁጥር እንየው። የብዙዎቻችን ካሜራ 24 ሜጋፒክስል ነው፤ ፎቶው 6000 በ4000 ፒክስል ይሆናል። ፉል ኤችዲ ሞኒተር 1920 በ1080 ነው፤ ወደ 2 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ። ስለዚህ ፎቶውን መቶ በመቶ ዙም ስታደርጉት በአንድ ጊዜ የምታዩት አንድ አሥራ ሁለተኛውን ብቻ ነው። የሙሽራዋን ዓይን ስታዩ ጆሮዋ ከስክሪኑ ውጭ ነው። 2560 በ1440 የሆነው ሞኒተር 3.7 ሚሊዮን ፒክስል ገደማ አለው። 4ኬ ማለትም 3840 በ2160 ደግሞ 8.3 ሚሊዮን፤ የፎቶውን አንድ ሦስተኛ በአንድ ጊዜ ታያላችሁ። ቆዳ ሲጠረግ፣ ፀጉር ሲስተካከል፣ የቡድን ፎቶ ላይ ማን ዓይኑን እንደጨፈነ ሲፈለግ ይህ እጅን ያፈጥናል።

ታዲያ ለስንት ኢንች ስንት ሪዞሉሽን ይስማማል?

ዋናው ነገር በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ፒክስል አለ የሚለው ነው። 24 ኢንች ፉል ኤችዲ 92 ፒክስል ይሰጣል፤ ለመጀመሪያ ሞኒተር ምንም አይልም። ያው ፉል ኤችዲ 27 ኢንች ላይ ሲሆን ወደ 82 ይወርዳል። ይህንን አትግዙ። ሰፊ ስለሆነ ዓይን ይሞላል፤ ሻጩም «ትልቁን ውሰድ» ይላችኋል። ቀርባችሁ ስትሠሩ ግን ፒክስሉን መቁጠር ትጀምራላችሁ። ሽፋሽፍቱ ደረጃ ደረጃ ሠርቶ ይታያል። ፎቶው ደህና ሆኖ ሳለ ደብዛዛ የመሰለው ልጅ ሻርፕነስ ሲጨምርበት አይቻለሁ።

27 ኢንች ከሆነ 2560 በ1440 ውሰዱ። በኢንች 109 ፒክስል ነው፣ ፊደሉም ሳይሰፋ ይነበባል፣ ኮምፒውተሩንም አያስጨንቅም። ብትጠይቁኝ ለአብዛኛው ስቱዲዮ ይህ ነው ልኩ። 27 ኢንች 4ኬ 163 ይደርሳል፤ እንደታተመ ፎቶ ጥርት ይላል። አቅም ካለ ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን አለው። ፒክስሉ ደቃቅ ስለሆነ ሻርፕነስና ግሬይን በመቶ በመቶ ስታዩት ለስለስ ይልባችኋል። ስለዚህ ትጨምራላችሁ። ያንኑ ፎቶ ሌላ ሰው ተራ ስክሪን ላይ ሲከፍተው ፊቱ አሸዋ የተረጨበት ይመስላል። 4ኬ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ሻርፕነስ ስትነኩ 200 በመቶ ዙም አድርጋችሁም ተመልከቱ።

24 ኢንች ሆኖ 1920 በ1200 የሆነ ካገኛችሁ ደግሞ አትለፉት። ከታች የሚጨመረው 120 ፒክስል ትንሽ ይመስላል፤ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ፕሮግራም የፎቶ ረድፍ ግን እዚያ ላይ ቁጭ ይላል።

አይፒኤስ፣ ቪኤ፣ ቲኤን፣ ኦሌድ የሚባሉት ፓነሎች ምን ለውጥ አላቸው?

ለፎቶ አይፒኤስ በሉና ጨርሱ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሂታቺ ይዞት የመጣ ቴክኖሎጂ ነው። የተሠራውም ከጎን ሲታይ ቀለም እንዳይለወጥ ነው። ቲኤን ላይ ወንበራችሁን ትንሽ ዝቅ ብታደርጉ ፎቶው ይጨልማል፣ ቀና ስትሉ ይነጣል። የሙሽራዋ ግንባርና አገጭ እኩል ብርሃን ይኑራቸው አይኑራቸው ማወቅ አይቻልም፤ ስክሪኑ ራሱ ከላይና ከታች የተለያየ ነውና። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ይበዛል።

ቪኤ ጥቁሩ ደስ ይላል፤ ፊልም ለማየት ግሩም ነው። ኮንትራስቱ 3000 ለ1 ገደማ ነው፤ ተራው አይፒኤስ 1000 ለ1 አካባቢ ነው። ነገር ግን የቪኤ ጥላው ክፍል ፊት ለፊት ሲታይና ትንሽ ጎን ሲባል አንድ አይሆንም። የጥቁር ሱፍ ኮሌታ ላይ ዝርዝሩ አለ ወይስ የለም? አንገታችሁን ባዘነበላችሁ ቁጥር መልሱ ይቀያየራል።

ኦሌድ በጣም ቆንጆ ነው። እንደ ፎቶሾፕ ዓይነት ቀኑን ሙሉ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ሜኑ የምትከፍቱበት ከሆነ ግን በጊዜ ብዛት አሻራ ሊቀርበት ይችላል። ለእኔ ገና አላጓጓኝም።

ማስታወቂያው «72 በመቶ ኤንቲኤስሲ» ይላል። ጥሩ ነው?

ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። 72 ሲባል ከመቶ የጎደለ ይመስላል። ኤንቲኤስሲ ግን የድሮ የአሜሪካ ቴሌቪዥን መለኪያ ነው፣ ሰፊ ነው። 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ ማለት በግርድፉ ሙሉ ኤስአርጂቢ (የተለመደው የቀለም ስፋት) ማለት ነው። ጥሩ ነው። የሚያስፈራው «45 በመቶ ኤንቲኤስሲ» የሚለው ነው። ርካሽ ላፕቶፖች ላይ ያ ነው የሚገጠመው። የኤስአርጂቢን ሲሶ ያህል ቀለም አያሳይም። ጥለት ላይ ያለው ቀይ የጡብ ቀለም ይሆናል፤ እናንተም ሳቹሬሽን ትጨምራላችሁ፤ ሌላው ሰው ስልክ ላይ ጥለቱ እሳት ይሆናል።

ኤስአርጂቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ኤችፒና ማይክሮሶፍት ያወጡት የቀለም ስፋት ነው። ኢንተርኔቱም፣ ስልኩም፣ አብዛኛው የፎቶ ማተሚያ ማሽንም የሚጠብቀው እሱን ነው። ወደ መቶ በመቶ የሚሸፍን ሞኒተር ከገዛችሁ ለሠርግ፣ ለምርቃት፣ ለልደት ሥራ አይጎድልባችሁም።

አዶቤ አርጂቢ የሚባለውን ሰፋ ያለ የቀለም ስፋት የሚያሳይ ሞኒተርስ አይሻልም?

የጥበብ ሥራ በጥሩ ኢንክጄት ለሚያትም ይሻላል። በተለይ አረንጓዴውና ሰማያዊ አረንጓዴው ይሰፋል። ለሌላው ግን ጣጣ አለው።

አንድ ጓደኛዬ ከውጭ እንዲህ ዓይነት ሞኒተር መጣለት። የመጀመሪያው ቀን «ዓለም ተለወጠ!» ብሎ ደወለ። ሁሉም ነገር ደምቆ ይታየዋል። በሁለተኛው ሳምንት ደንበኞች «ፎቶው ምነው ገረጣ?» ማለት ጀመሩ። ሞኒተሩ ቀለሙን አስፍቶ ያሳያል፤ እሱ «ቀለሙ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ ለተራው ስክሪን የሚደርሰው የቀነሰው ነው። ቀለም የማያስተዳድሩ ፕሮግራሞች ቀለሙ ሰፊ የሆነ ሞኒተር ላይ ሁሉንም ያጋንናሉ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ከሞኒተሩ በራሱ ሜኑ ውስጥ ኤስአርጂቢ የሚለውን ሞድ መረጠ። አንዳንድ ሞኒተር ይህ ሞድ ሲመረጥ ብራይትነስ አላስነካም ይላል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ሜኑውን ክፈቱና ሞክሩት።

ስክሪን ላይ ቆንጆ የነበረው አልበም ታትሞ ሲመጣ ለምን ይጨልማል?

ይህንን ጥያቄ ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፤ ራሴ ተቃጥዬበታለሁና።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። የሚያዝያ ሠርግ፣ 40 ገጽ አልበም። አልበሙ መጣ፤ ከፈትኩት። የሙሽራው ጥቁር ሱፍ ከጀርባው ካለው መጋረጃ ጋር ተዋሕዷል። የካባው የወርቅ ጥልፍ ቡናማ ሆኗል። ጠይሟ ሙሽራ ከሰል መስላለች። አልበሙን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ማተሚያ ቤት ሄድኩ፤ ለጠብ ነው የሄድኩት። ማሽኑ ጋ የሚሠራው ልጅ ጮኼ እስክጨርስ ዝም አለኝ። ከዚያ ፋይሌን በራሱ ስክሪን ከፈተው። ልክ እንደ አልበሙ ጨለማ ነው።

«ወንድሜ፣ የሞኒተርህ ብራይትነስ ስንት ላይ ነው?» አለኝ።

«መቶ።»

«ይኸው!»

አልተጣላንም። አልበሙን ከኪሴ አውጥቼ በድጋሚ አሳተምኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወረቀት የራሱ ብርሃን የለውም። ሞኒተር ግን ከካርቶን ሲወጣ 250 ወይም 300 ካንዴላ በሜትር ካሬ እያበራ ነው። ለፎቶ ሥራ የሚመከረው ከ80 እስከ 120 ነው። ከልክ በላይ በሚያበራ ስክሪን ላይ ስትሠሩ ጨለማው ፎቶ ብሩህ መስሎ ይታያችኋል፤ ስለዚህ አታበሩትም። ወረቀቱ ላይ እውነቱ ይወጣል።

መለኪያ ከሌላችሁ ይህንን ሞክሩ። ስክሪኑ ላይ ሙሉ ነጭ ገጽ ክፈቱ። ነጭ ወረቀት ከስክሪኑ ጎን፣ የታተመ ፎቶ በምታዩበት ብርሃን ያዙ። ሁለቱ እኩል ነጭ እስኪሆኑ ድረስ ብራይትነሱን ቀንሱ። መጀመሪያ ጨለመብኝ ትላላችሁ። ብዙ ሞኒተር ላይ ከግማሽ በታች ይወርዳል። አንድ ሁለት ቀን ታገሡት፤ ዓይን ይለምዳል።

ካሊብሬት ማድረጊያ መሣሪያ መግዛት አለብኝ?

በፎቶ እንጀራ የምትበሉ ከሆነ አዎ። አዲስ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት። ዳታከለር ስፓይደር ወይም ካሊብራይት የሚባሉት ይታወቃሉ። የኮምፒውተር ማውስ የሚያህል ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ ይንጠለጠላል፣ ፕሮግራሙ ቀለም እየቀያየረ ያሳየዋል፣ እሱ ይለካል፣ መጨረሻ ላይ ለዚያ ሞኒተር ብቻ የሚሆን ፕሮፋይል (የቀለም ማስተካከያ ፋይል) ይሠራል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ሲጠይቃችሁ ነጩን 6500 ኬልቪን፣ ጋማውን 2.2፣ ብርሃኑን 100 ወይም 120 በሉት። ሞኒተሩ ግማሽ ሰዓት በርቶ መቆየት አለበት፤ ሳይሞቅ የተለካ ልኬት ልኬት አይደለም።

ዋጋው ይከብዳል። ግን በወር አንዴ ነው የሚሠራው። ሦስት አራት ስቱዲዮ አዋጥቶ ቢገዛው ምን ይላል? እኛ በዕቁብ ገንዘብ ገዝተን ለአራት እየተዋዋስነው ነው። አንድ ጊዜ ብቻ «አንተ ጋ ነው፣ አንተ ጋ ነው» ተባብለን፣ መጨረሻ ላይ ከአንዱ መኪና ወንበር ሥር ተገኘ።

መሣሪያው እስኪገኝስ?

በሞኒተሩ ሜኑ ኤስአርጂቢ ሞድ ወይም 6500 ኬልቪን ምረጡ። «ቪቪድ»፣ «ጌም»፣ «ሲኒማ» የሚሉትን አጥፉ። ብርሃን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርገውንም አጥፉ። ማታ ማታ ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገው ናይት ላይት በርቶ እንደሆነ ተመልከቱ፤ በእሱ የተሠራ ፎቶ ጠዋት ሲታይ ሰማያዊ ሆኖ ያገኙት ሰዎች ብዙ ናቸው።

ከዚያ አንድ ፎቶ አሳትሙ። አልበም ሙሉ አይደለም፤ አንድ። ጠይም ፊት፣ ነጭ ነጠላ፣ ጥቁር ልብስና ሰማይ በአንድ ላይ ያለበት ይሁን። ሁልጊዜ በምታሳትሙበት ቤት፣ «ምንም ማስተካከያ አታድርግበት» ብላችሁ። ያ ወረቀት መሳቢያችሁ ውስጥ ይቀመጥ። ፋይሉን ከፍታችሁ ከወረቀቱ ጋር እያስተያያችሁ ሞኒተሩን አስተካክሉ። ሞኒተራችሁ ምን ላይ እንደሚዋሽ ካወቃችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

ክፍሉ ያን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። አንድ ስቱዲዮ ገብቼ ግድግዳው ሮዝ ነበር፤ በዚያ ላይ ጣሪያው ዙሪያውን ቀለም የሚቀያይር የኤልኢዲ ገመድ። ለደንበኛ ያምራል። ኤዲት የሚያደርገው ልጅ ግን ቀኑን ሙሉ ሮዝ ሲያይ ዓይኑ ሮዝን መቁጠር ያቆማል። ፎቶው አረንጓዴ መሰለው፤ ማጀንታ ጨመረበት።

ከሞኒተሩ ጀርባ ያለው ግድግዳ ግራጫ ወይም የደበዘዘ ነጭ ይሁን። መስኮት ከኋላችሁም ከፊታችሁም አይሁን፤ በጎን ይሁን፣ መጋረጃ ይኑረው። አምፖሉ ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ዓይነት ይሁን። የለበሳችሁት ደማቅ ቲሸርት እንኳ ስክሪኑ ላይ ይንጸባረቃል፤ እኔ ስሠራ ጥቁር ነው የምለብሰው። ሚስቴ «ሐዘን ላይ ነህ?» ትለኛለች።

የጠይም ሰው ፊት ለምን ብርቱካን ይሆንብኛል? ነጠላውስ ለምን ይሰማያዋል?

ሁለቱም አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቦታ ይመጣሉ። ብዙ ሞኒተር ከፋብሪካ ሲወጣ ነጩ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነው፤ ሱቅ ውስጥ ሲታይ «ንጹሕ ነጭ» እንዲመስል። እናንተ ሰማያዊውን ለማሸነፍ ፎቶውን ታሞቁታላችሁ። ጠይም ወይም የቀይ ዳማ ቆዳ ደግሞ ሙቀቱን ቶሎ ይቀበላል፤ ከቡናማ ወደ ብርቱካን ይሸሻል። ካሜራው በጥላ ውስጥ ያነሳው ነጠላ ግን የራሱ ሰማያዊነት ስላለው፣ ያንን ከሞኒተሩ ሰማያዊ መለየት ያቅታችኋል።

እዚህ ላይ ዓይናችሁን ሳይሆን ቁጥሩን እመኑ። ማውሱን ነጠላው ላይ አድርጉና የፎቶ ፕሮግራሙ የሚያሳያችሁን ሦስቱን የቀለም ቁጥሮች አንብቡ። ነጭ ጥጥ ከሆነ ቀዩ፣ አረንጓዴውና ሰማያዊው ይቀራረባሉ። ቆዳ ላይ ደግሞ ቀዩ ይበልጣል፣ አረንጓዴው ይከተላል፣ ሰማያዊው ዝቅ ይላል። ሰማያዊው እጅግ ከወረደ ብርቱካን እየሆነ ነው። ቁጥር በሞኒተር አይለወጥም።

ስላሽ ሞኒተር ልግዛ ወይስ አዲስ?

ገንዘቡ ጠባብ ከሆነ፣ ከአዲስ ተራ ሞኒተር ይልቅ ስላሽ ጥሩ ሞኒተር እመርጣለሁ። ውጭ አገር ቢሮ ሲያገለግሉ የቆዩ የዴል አልትራሻርፕ ዓይነቶች አሉ። ለምሳሌ ዩ2412ኤም የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 24 ኢንች አይፒኤስ፣ 1920 በ1200 ነው። አርጅቷል፤ ደህና ሆኖ ከተገኘ ግን ዛሬም ያሠራል።

አገዛዙ ነው ቁም ነገሩ። እኔ ፍላሽ ይዤ ነው የምሄደው። ውስጡ ስድስት ምስል አለ፦ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እና መካከለኛ ግራጫ። አንድ በደንብ የማውቀው የራሴ ፎቶም አለበት። በነጩ ላይ ቢጫ ያዘለ ጥግ፣ ጥቁር ነጥብና የጣት ጫና ምልክት እፈልጋለሁ። በግራጫው ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ይሁን አይሁን አያለሁ፤ አንዱ ወገን ሮዝ ሌላው አረንጓዴ የሚሆን አለ። በጥቁሩ ላይ ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን መኖሩን ለማየት ሱቁ በጣም ብርሃን ስለሆነ ጃኬቴን ራሴ ላይና ስክሪኑ ላይ እከናነባለሁ። ሻጮች ይስቃሉ። መገናኛ ያለ አንድ ልጅ አሁን ገና ሲያየኝ «ፎቶግራፈሩ ሊጠመቅ መጣ» ይላል።

ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ላይ የተመረተበት ወርና ዓመት ይገኛል። ብራይትነሱን መቶ አድርጉና ተመልከቱ፤ መቶ ላይ ሆኖ ደብዛዛ ከሆነ አምፖሉ ደክሟል። በኤልኢዲ ሳይሆን በፍሎረሰንት ቱቦ የሚበሩት የድሮዎቹ ወደ ቢጫ ይሄዳሉ፤ በነጻ ቢሰጧችሁ እንኳ ለቀለም ሥራ አይሆኑም። ሳይበራ «ይሠራል፣ እኔን እመነኝ» የተባለ ሞኒተር አይገዛም።

ኬብል ምንም ለውጥ አለው? ኤችዲኤምአይ ያው ኤችዲኤምአይ አይደለም?

አይደለም። የቆየ ላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ 1.4 ከሆነ 4ኬን በሴኮንድ 30 ጊዜ ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ማውሱ ይጎተታል። 60 እንዲሆን ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያስፈልጋል። 4ኬ ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተራችሁ ምን እንዳለው እዩ። ሰማያዊ ራስ ያለውን ቪጂኤ ኬብል ደግሞ ለሌላ ሥራ አውሉት።

ሌላ የተደበቀ ችግር አለ። ኮምፒውተሩ አንዳንዴ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን ይመስለውና ቀለሙን ከ0 እስከ 255 በመላክ ፈንታ ከ16 እስከ 235 ይልካል። ጥቁሩ ግራጫ ይሆናል፣ ነጩ አመድ ይነፋበታል። እናንተ ኮንትራስት ትጨምራላችሁ። በቪዲዮ ካርዱ ሴቲንግ ውስጥ «ሊሚትድ» የሚለውን ወደ «ፉል» ቀይሩት። ይህንን ብቻ አስተካክሎ «አዲስ ሞኒተር የገዛሁ መሰለኝ» ያለኝ ሰው አለ።

ላፕቶፕ ብቻ ነው ያለኝ። ይሆናል?

አይፒኤስ ከሆነና ኤስአርጂቢን ከሸፈነ ይሆናል። ካልሆነ ለምርጫና ለክሮፕ ተጠቀሙበት፤ ቀለሙን ደህና ሞኒተር ሰክታችሁ ጨርሱ። ክዳኑን ሁልጊዜ በአንድ ማዕዘን ክፈቱ።

144 ኸርዝ (በሴኮንድ 144 ጊዜ የሚያሳይ) ወይም የታጠፈ ጌሚንግ ሞኒተርስ?

ፎቶ አይሮጥም፤ 60 ይበቃዋል። የታጠፈው ቀጥ ያለ መስመርን ያጣምማል፤ የሕንፃ ጠርዝና የአድማስ መስመር ለሚያስተካክል ሰው ራስ ምታት ነው።

ስክሪን 72 ዲፒአይ ነው ሲባል እሰማለሁ። ፎቶዬን በዚያ ላስቀምጠው?

እ.ኤ.አ. የ1984ቱ የመጀመሪያው ማኪንቶሽ ስክሪን በኢንች 72 ፒክስል ነበረው። ወሬው ከዚያ ዘመን ቀርቶ ነው። ለስክሪን ዲፒአይ የሚባለው ቁጥር ምንም አይሠራም፤ የሚሠራው የፒክስሉ ብዛት ነው። ለኅትመት ግን ቁጠሩት፦ 20 በ30 ሳንቲሜትር በ300 ሲታተም 2362 በ3543 ፒክስል ይፈልጋል።

4ኬ ገዛሁ፣ ፊደሉ ግን ጉንዳን አከለ። ምን ላድርግ?

ዊንዶውስ ላይ ስኬሊንጉን 150 በመቶ አድርጉት። ፎቶው በፎቶሾፕ ውስጥ በሙሉ ፒክስሉ ነው የሚታየው፤ የሚሰፋው ፊደሉና ሜኑው ነው። ሪዞሉሽኑን ዝቅ ማድረግ ግን አይሆንም፤ ያኔ የከፈላችሁበት ነገር ጠፋ።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ ሞኒተሩን ይጎዳዋል?

መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው የሚያስፈራው። ዩፒኤስ ይኑራችሁ። ሥራችሁም ይተርፋል፣ ሞኒተሩም።

እኔ ካሊብሬት አድርጌ ሠራሁ፣ ደንበኛዬ ግን ስልኳ ላይ ሌላ ነገር ታያለች። ምን ዋጋ አለው?

የሰውን ስልክ ሁሉ ማስተካከል አይቻልም። የእናንተ ፋይል መሐል ላይ ከተቀመጠ ግን የአንዷ ስልክ ትንሽ ቢያሞቅ፣ የሌላዋ ትንሽ ቢያቀዘቅዝ ሁለቱም ደህና ያያሉ። የእናንተ ሞኒተር ራሱ ወደ አንድ ወገን ካዘመመ ስህተቱ በስህተት ላይ ይደመራል። ኤክስፖርት ስታደርጉ ኤስአርጂቢ ምረጡ፣ ፕሮፋይሉም አብሮ ይሂድ። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከሄደ ይጨመቃል።

ባለፈው አንዷ ሙሽራ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ «ቬሎዬ ለምን ቢጫ ሆነ?» ብላ ጻፈችልኝ። እንቅልፌ ጠፋ። ተነሥቼ ፋይሉን ከፈትኩ፣ ቁጥሩን አነበብኩ፣ ነጩ ነጭ ነው። «እህቴ፣ ስልክሽ ማታ ማታ ቢጫ የሚሆን ነገር አለው?» አልኳት። ጥቂት ዝም ብላ «ኧረ ጉድ፣ አጠፋሁት» አለች። ከዚያ ወዲህ አልበም የምልከው ቀን ቀን ነው።